ሞተሩን ሳትሰብሩ ፑሌጃውን ላወጣችሁልን

ለቶርኖ ቤት ባለሙያዎች፣ ሞተር ለሚጠቀልለው ወንድማችን፣ ለጎረቤት ወፍጮ ቤት ሠራተኞች፣ እህላችሁን ይዛችሁ ለታገሳችሁ ደንበኞቻችን፦

የወፍጮው ባለ 15 ኪሎ ዋት ሞተር የፊት ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚሸከም ባለ ኳስ ቀለበት) የበዓል እህል በተደረደረበት ሰሞን መጮህ ጀመረ። ኩሽኔታ መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከፊቱ ግን ቺንጋ (ቀበቶ) የሚዞርበት ባለ አራት ቦይ የጊዛ (ቀልጦ የተቀዳ ብረት) ፑሌጃ አለ፤ 42 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሻፍት (የሞተሩ ዘንግ) ላይ ተጣብቆ ሁለት ቀን አልነቃነቅ አለ። ዛሬ ወፍጮው ይፈጫል። ምስጋናችን በደፈናው እንዳይቀር የሠራችሁትን እንጻፈው፤ ሌላም ወፍጮ ቤት ይጠቀምበታል።

በቅድሚያ የሚመሰገኑት መዶሻውን ከእጃችን የቀሙት አንጋፋው መካኒክ ናቸው። ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚያርፍ ምት ፑሌጃውን ከማስለቀቁ በፊት ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ገብቶ ያርፋል፤ ኳሶቹ በመሄጃቸው ላይ ጉድጓድ ያበጃሉ፣ ከዚያ አዲስ የተባለው የኋላ ኩሽኔታም በወሩ ይጮሃል። ከኋላ በብረት መፈልቀቅም ያው ነው፤ የሚሰበረው የሞተሩ ክዳን ወይም የፑሌጃው ከንፈር ነው። ጊዛ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ያ ቪት። ማሰሪያውን ቪት (ፑሌጃውን ሻፍቱ ላይ የሚያጠብቀውን ትንሽ ብሎን) ፈተን አውጥተናል ብለን ነበር። የቶርኖ ቤቱ ልጅ ቀዳዳውን በላምባ አጥቦ በባትሪ ሲያየው ከሥር ሌላ ቪት አብረቀረቀ። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ የሚታሰረው እንዳይላላ ተብሎ ነው፤ የማያውቅ ግን ፑሌጃውን ሲጎትት ይውላል። ያችኛዋ ስትወጣ ከሥሯ በርበሬ የመሰለ ቀይ ዱቄት ረገፈ። የተጣበቀበት ምክንያትም እሱ ነው፦ ፑሌጃው በልኩ ሳይቀመጥ በሥራ ላይ በጥቂቱ ሲወዛወዝ ብረት ከብረት ይፋተግና ብናኙ ይዝጋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱን ጠቅጥቆ ይሞላዋል።

የዝገት ማላቀቂያ ዘይት በሁለቱም በኩል ተረጭቶ አደረ። ሻፍቱ ወደ ላይ እንዲቆም ሞተሩን ማቆማችሁ ብልህነት ነው፤ ተጋድሞ ቢሆን ዘይቱ መሬት ላይ ይቀር ነበር።

ባለሦስት እግር መጎተቻ ከፑሌጃው ከንፈር ይልቅ እምብርቱን፣ ማለትም ሻፍቱ የሚገባበትን መሃሉን፣ መያዝ ነበረበት፤ የእኛ ግን ከክዳኑ ጋር ተቀራርቦ እግር የሚያስገባ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ እምብርቱ ላይ ትይዩ ሁለት ቀዳዳ በ10.2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በሳችሁ፣ የባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ አወጣችሁለት፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት መጎተቻ እንዲሆን አዘጋጃችሁ፤ ሁለቱ ብሎኖች እምብርቱን ሲይዙ የመሃሉ ብሎን ሻፍቱን ይገፋል። ሁለቱ ብሎኖች ራሳቸው ላይ የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 የተጻፈባቸው ናቸው፤ ተራ ብሎን ቢሆን ይለጠጥ ነበር። የሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የባለ 16 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ እንዳይበላሽ አጭር ብሎን አስገብታችሁ ግፊቱን ራሷ ላይ አሳረፋችሁት። ይህችን ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ፑሌጃውን ሲመልስ ግን ይቆጨዋል።

እሳቱን በተመለከተ ሞተሩን ወደ ውጭ ማስወጣታችሁን ሳናነሳ አናልፍም። ወፍጮ ቤት አየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት በነበልባል ይፈነዳል። ዘይቱን ጠርጋችሁ፣ በፑሌጃውና በክዳኑ መካከል ሻፍቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠምጥማችሁ፣ መጎተቻውን ወጥራችሁ እምብርቱን ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ አሞቃችሁት። እምብርቱ ከሻፍቱ በ150 ዲግሪ ቢበልጥ ቀዳዳው የሚሰፋው 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የራስ ፀጉር ውፍረት ብቻ ነው። ቀስ ብለው ካሞቁት ሻፍቱም አብሮ ይግላል፣ ትርፉም ይጠፋል። የጋለ ጊዛ ላይ ውኃ መድፋትማ ስንጥቅ መጥራት ነው። ከዚያ የመሃሉ ብሎን አንድ ጊዜ በመዶሻ ተመታና «ጧ» አለ። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ አጨበጨበ። ምቱ ቀላል እንደነበረ፣ ሥራውንም የሠራው ውጥረቱ እንደሆነ ልብ ይሏል።

ሞተር ጠቅላዩ ወንድማችን ቁጥሩ 6309 የሆነውን አዲሱን ኩሽኔታ አስገብቶ የሽቦ ጠመዝማዛውን ፈትሾ መልሶ ገጠመ። ፑሌጃውም በመዶሻ አልተመለሰም፤ ሻፍቱ በብርጭቆ ወረቀት ጸድቶ፣ ስስ ግራሶ ተቀብቶ፣ በባለ 16 ሚሊ ሜትር ጥርሳም ዘንግና በዳዶ ተስቦ ገባ። የሞተሩና የወፍጮው ፑሌጃዎች በክር ተሰለፉ። ቺንጋው የተወጠረው በመሃል ሲጫኑት በአንድ ሜትር ርዝመት 16 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረግብ ነው፤ በማግስቱም ዳግም ታይቷል። ከመጠን በላይ መወጠር አዲሱን ኩሽኔታ ይበላል።

ጎረቤቶቻችን፣ ደንበኛ እንነጥቅ ሳትሉ እህላችንን በወረፋችሁ መካከል ፈጭታችሁልናልና እግዜር ይስጥልን። ዋጋ አንቀበልም ያላችሁ የቶርኖ ቤት ወንድሞች፣ እጃችሁ ይባረክ፤ የቤታችሁ ጤፍ እዚህ ሲመጣ እኛም አንቀበልም።

የሠራችሁት ጠፍጣፋ ብረት ግራሶ ተቀብቶ ከሚዛኑ ጀርባ ተሰቅሏል። የቸገረው ወፍጮ ቤት ይዋሰው፤ ሲመለስ ግን ሁለቱም ብሎኖች አብረው ይመለሱ።

የወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች