የጠፉት የጮቄ ፎቶዎች፦ የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ

የኮምፒውተር ክበብ ሲባል ልጆች ተሰብስበው ጌም የሚጫወቱበት የሚመስላቸው ሰዎች አሁንም አሉ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ የሠራነውን ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

መደበኛው ሥራ ባጭሩ ይኸው። ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተገናኝተናል፣ አዲስ አባላት መዝግበናል፣ የሚኒ ሚዲያውን ኮምፒውተር ጠግነናል። ትምህርት በተቋረጠባቸው ሳምንታት ክበቡም ቆሟል። መብራት ሲጠፋ በጥቁር ሰሌዳ ቀጥለናል። የላባችን (የኮምፒውተር ላብራቶሪያችን) አሮጌ ማሽኖች ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ስለተጫነባቸው ነው እስካሁን የሚሠሩት። ልጆቹም ማውዝ ትተው ትእዛዝ እየጻፉ መሥራት ለምደዋል።

ትልቁ ሥራችን የመጣው ከተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ጋር ጮቄ ተራራ ከወጣን በኋላ ነው። ልጆቹ በአራት ቡድን ተከፍለው የተራራውን ዕፅዋት፣ ጅብራውን፣ አስታውን፣ ጓሳውን በፎቶ አነሱ። ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ነበር፤ አንድም ልጅ ግን እንመለስ አላለም። ላብ ስንገባ ፎቶዎቹን በቡድን ፊደልና በቁጥር ሰየምናቸው፦ «ሀ-1»፣ «ለ-1»፣ «ሐ-1»፣ «መ-1» እያልን።

ከዚያ ከሌላው ፋይል መሀል የቡድኖቹን ፎቶ ብቻ ለመለየት «?-*» ብለን ጻፍን። ጥያቄ ምልክቷ አንድ ፊደል ትተካለች፣ ኮከቧ ደግሞ የፈለገውን ያህል። መልሱ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል ሆነ። ልጆቹ ክው አሉ። ያ ሁሉ ዳገት ከንቱ የቀረ መሰላቸው።

በስብሰባ ላይ ብዙም የማትናገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኪቦርዱ ተጠጋች። ከዚያው ምልክት ፊት «ኢኮ» የሚለውን፣ የተሰጠውን መልሶ የሚያሳይ ትእዛዝ ጻፈች። ስክሪኑ «?-*»ን እንዳለ መለሰላት። ዞር ብላ ለጓደኞቿ አስረዳች። ምልክቶቹን በፋይል ስም የሚተካው ትእዛዙ ሳይሆን ሼሉ (የምንጽፈውን ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ነው። የእኛው ሼል ባሽ ደግሞ የሚገጥም ስም ሲያጣ ምልክቱን ሳይነካ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ያልገጠመው ምልክቱ ነው።

ቀጥላ ፋይል በሚዘረዝረው ትእዛዝ በ«ኤል ኤስ» ሙሉውን ዝርዝር አወጣች። በፊደሉ ቦታ ሦስት ጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። «ቲቸር፣ አንዱን ፊደል እኮ ሦስት አድርጎ ነው የሚቆጥረው!» አለች። ወዲያው «???-*» ብላ ስትጽፍ ፎቶዎቹ አንድም ሳይቀር መጡ። የላቡ ጭብጨባ ግቢው ውስጥ ተሰምቷል። እኔም እንባዬ መጥቶ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደሎችን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት (ትንሽ የማከማቻ መለኪያ) ሲይዝ የእኛው «ሀ» ሦስት ባይት ይይዛል። በዚያ ማሽን መነሻ ፋይል (ሼሉ ሲከፈት በሚያነበው ፋይል) ውስጥ የቋንቋ ቅንብሩን «ሲ» የሚያደርግ መስመር ነበር። በዚህ ቅንብር ሼሉ ፊደል አያውቅም፣ ባይት ብቻ ይቆጥራል። መስመሩን ስናወጣው አንዷ ጥያቄ ምልክት በቂ ሆነች።

ልጅቷ መስመሩ ከመውጣቱ በፊት ሌላም ሞክራ ነበር። የሀን እና የለን ፎቶ ብቻ ፈልጋ «[ሀለ]*» ስትል በአማርኛ ፊደል የሚጀምር ስም ሁሉ ተግተልትሎ መጣ። የፊደሎቻችን የመጀመሪያ ባይት አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ይህ በማጥፊያ ትእዛዝ ቢጻፍ ኖሮ የጮቄው ሥራ በሙሉ ድምጥማጡ ይጠፋ ነበር። «መጀመሪያ ኢኮ፣ ከዚያ ማጥፋት» የሚለው የክበባችን ደንብ በከንቱ አልተለጠፈም።

በ1971 (እ.ኤ.አ.) የሊኑክስ ቀዳሚ በሆነው በመጀመሪያው ዩኒክስ ይህን ስም የማመሳሰል ሥራ የሚሠራው «ግሎብ» የሚባል ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደሎች ለኮምፒውተር በቁጥር የተመዘገቡበት ደረጃ ውስጥ) የገባው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ ፊደላችን በእነዚህ መሣሪያዎች በትክክል መሥራቱን ሞክረው የሚያዩ፣ ሲበላሽም መንስኤውን የሚያገኙ የእኛው ልጆች ያስፈልጋሉ። በላባችን እያፈራናቸው ነው።

ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። ለስፖርት መለያ በየዓመቱ በጀት ይገኛል፤ ይገባልም። የጮቄ ፎቶዎች የተቀመጡበትን ፍላሽ ግን ልጆቹ ናቸው ከኪሳቸው አዋጥተው የገዙት። ከቆሙት ማሽኖች አብዛኞቹ ራም ወይም ፓወር ሰፕላይ ቢገኝላቸው ይነሳሉ። የወላጅ ኮሚቴውም፣ ከዚህ ግቢ የወጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎችም፣ አዲስ ግዙልን አንልም። ቤታችሁ አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ካለ አምጡልን፤ ዓርብ ከሰዓት ላቡ ክፍት ነው።