አባባ፣ ከዘራዎን ያንሱ

ይድረስ ለአባባ፣ ደብረ ማርቆስ።

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ «ደኅና ነኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ» ብለው ስለሚዘጉብኝ ብጽፍ ይሻላል አልኩ። ትልቋ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች፤ መጽሐፏን ታቅፋ ነው የምትተኛው። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣራ ላይ ወረወረው። «አባባ ሳያየው አዲሱ እንዳይበቅል» እያለ ሲያስቀን ይውላል። ቁመቱ ወገቤን አልፏል።

ወንድሜ ደወለልኝ። ግፊትዎ 170 ገብቶ እንደነበር፣ ሌሊቱንም ቁጭ ብለው እንደሚያነጉት ነገረኝ። ከእማዬ ተዝካር ወዲህ ደግሞ ከግቢ እንደማይወጡ። ከግፊቱ ይልቅ ይኼኛው ነው ያስደነገጠኝ። አንቱ እኮ ሳይነጋ ለኪዳን ማርቆስ የሚደርሱ፣ ከዚያ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዞረው በእግርዎ የሚመለሱ ሰው ነዎት። ባጃጅ ቆሞ ቢለምንዎት የማይገቡ። እስከ ዛሬ መንቆረር የሚሏትን ከተማ ጥግ ለጥግ የሚያውቋት በእግርዎ ነው።

ባለፈው ስመጣ ከዘራዎን ከበሩ ጀርባ አየሁት። ጫፉ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቷል። ወደ ቀኝ ጫን ብለው ስለሚረግጡ ነው ትል ነበር እማዬ። መያዣው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ምንም አላልኩም፤ ጠርጌ መለስኩት። የፈራሁትን አፌ ሊያወጣው አልቻለም። እማዬን ተከትለው… ይቅር፣ አሁንም አልጽፈውም።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እንዳይቆጡኝ። ትዳሬን ጥዬ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልዎታል? ቡና እየተጠጣ ነበር። ሰሙኝ፣ ስኒዎን አስቀመጡ፣ ከዘራዎን አነሱና ወጡ። ጨሞጋ ወንዝ ድረስ ሄደው ኖሯል። ሲመሽ ጭቃው እስከ ጉልበትዎ ደርሶ ተመለሱ። እማዬ እግርዎን አጠበችዎ፣ እራት በሉ፣ ተኙ። በነጋታው ስለ ጤፍ ዋጋ ነበር የሚያወሩት። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። እማዬ «ተይው፣ ሲራመድ ይለቀዋል» አለችኝ። አንቱን ለቀቀዎት። እኔ ግን ማድቤት ቁጭ ብዬ ስጠብቅዎት ነበር። «አይዞሽ ልጄ» ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር። ዛሬም ያመኛል፣ አባባ።

ያም ሆኖ መራመድዎ ትክክል ነበር። ይኼን የምለው ከልቤ ነው። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል። ሰውነት ሊሮጥ ወይም ሊታገል እየተሰናዳ ነው። ሰውየው ከመደብ ካልተነሳ ያ ሁሉ ዝግጅት የትም አይሄድም። ሲራመድ ግን ጡንቻው ስኳሩን ይጠቀምበታል፣ ትንፋሹ ይስተካከላል፣ ሐሳቡም ይላላል። አዘውትሮ የሚራመድ ሰው ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ እንቅልፉም ይሻሻላል። የጠዋት ብርሃን ራሱ ለሌሊቱ እንቅልፍ ይረዳል። አንቱ ይኼን ሐኪም ሳይነግርዎ ነው የኖሩበት።

እኔም ከአንቱ ነው የወረስኩት። እዚህ ባሕር ዳር ከሥራ ስወጣ አንገቴ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ስልኬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በ2016 ግንቦት እስከተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ድረስ እሄዳለሁ። የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። ስመለስ ልጆቹ ላይ አልጮህም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። አንቱ ግን በአንዴ እዚያ አይድረሱ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ እስከ ማርቆስ ደጅ ድረስ ይብቃ። እያወሩ መሄድ ከቻሉ ልኩ እሱ ነው፤ ትንፋሽ ካጠረዎት ያዝግሙ። ደረትዎን ከጨመቀዎት ወይም ካዞረዎት ቁጭ ይበሉና ወዲያው ሰው ይጥሩ። ከአልጋ ሲነሱ ደግሞ ቀስ ብለው፣ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል። ኪኒኑን በራስዎ እንዳያቋርጡ! ሲያልቅ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ይንገሩኝ። የጎረቤታችን ልጅ ጠዋት ጠዋት አብሮዎት እንዲሄድ እናቱን ለምኛታለሁ። እሺ ብላኛለች። እንዳይመልሱት።

በሰኔ ትምህርት እንደተዘጋ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ እግርዎ እስከቻለ ድረስ በጨሞጋ መንገድ አብረን እንሄዳለን። ስለዚያ ቀን የሚሉኝ ካለ እዚያ ይበሉኝ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ከማውራት ጎን ለጎን እየሄዱ ይቀላል። ስለ እማዬም እናወራለን፤ እኔም ከማንም ጋር አላወራሁም።

ለፋሲካ የላክሁት ሸራ ጫማ ከነካርቶኑ አልጋው ሥር አለ። 42 ነው። ካልሲ አድርገው ይለኩትና ከጠበበዎት ለወንድሜ ይንገሩት፤ ባለሱቁ እስከ ወሩ መጨረሻ እቀይርልሻለሁ ብሎኛል።

ልጅዎ