አዲሱን መላጊያ ማሽን ከማስነሳታችሁ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በግቢያቸው የእንጨት መላጊያ ማሽን ለሚተክሉ የሰሜን ሸዋ ባለሙያዎች ይህን ብታደርሱልኝ።

ቦታውን የሚወስነው የጣውላው ርዝመት ነው፤ የማሽኑ ስፋት አይደለም። 2.5 ሜትር ጣውላ ለመላግ ከስለቱ በፊት 2.5፣ ከስለቱ በኋላም 2.5 ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ የሰው መቆሚያ ለብቻው ነው። ቤቱ ከጠበበ የጣውላውን መውጫ በበሩ ትይዩ አድርጉት።

አራቱም እግሮች ወለሉን እኩል ካልያዙ ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፤ በተላገው እንጨት ላይም ሞገድ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ስለቱን ነው የሚወቅሰው፤ ሲሞርደው ይከርማል። ውሃ ልኩን በርዝመትም በአግድምም አስቀምጡ፤ ከጎደለው እግር ሥር የላሜራ ቁራጭ አስገቡ። የእግሮቹ ብሎን ከጠበቀ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ማጥበቁ ራሱ ጣውላው የሚያልፍበትን የማሽኑን ጠረጴዛ ሊያጣምመው ይችላል።

ጠረጴዛው የተቀባውን የዝገት መከላከያ ቅባት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ቤንዚን ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ትነቱ በአንዲት ብልጭታ ይያያዛል።

ባለ 3 ፌዝ (በ3 የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ሞተር ወደ ኋላ ከዞረ መብራቱን አጥፍታችሁ ከ3ቱ መስመሮች ማናቸውንም 2ቱን አቀያይሩ። ለባለ 220 ቮልት ማሽን ቀጭን ማራዘሚያ አትዘርጉ፤ ቮልቴጁ ይወርድና ሞተሩ ይግላል። ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው የመሬት መስመርም አይቅር። አብዛኛው ሞተር የተሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ስስ አየር ሞተሩን በደንብ ስለማያቀዘቅዘው በአንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ ላጉ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ሌሊት ጠረጴዛው ጤዛ ይይዛል። በጨርቅ ሸፍኑት፤ ላስቲክ እርጥበቱን አፍኖ ያዝገዋል።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን