ፎቶዎቹ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው፦ ከባዝ የትዝታ ክፍል ኮሚቴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ከጥምቀት ማግስት በጣለው ዝናብና ነፋስ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ የምንከራየው አዳራሽ ጣሪያ መደርመሱን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። የወረደው በዋናው አዳራሽ በኩል ሳይሆን በጓሮ በኩል ነው፤ ልክ የሰዎችን የልጅነት ትዝታ የቀረጽንባቸውን ካሴቶችና የሰበሰብናቸውን ፎቶዎች ከምናስቀምጥበት ከትዝታ ክፍላችን በላይ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጠዋት በሩን ስንከፍት ግን ኮርኒሱ መሬት ላይ ወድቋል፣ ውሃው ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ይንጠባጠባል። አንዲት እናታችን እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከገና በፊት የባለቤታቸውን አልበም በአደራ የሰጡን እሳቸው ነበሩ።

ካሴቶቹን በፎጣ አብሰን በቀዝቃዛ አየር አደረቅናቸው። በላያቸው በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም ታጥቦ ሰማያዊ እድፍ ብቻ የቀረባቸው አሉ። የማን ድምፅ እንደሆነ የምናውቀው ባለሙያ አጽድቶ ሲያጫውታቸው ብቻ ነው። እቤታችሁ የወሰዳችሁት ካሴት ካለ እባካችሁ ማጫወቻ ውስጥ አታስገቡት፤ እርጥበት ካለው ክሩ ይበላሻል።

ፎቶዎቹ ደግሞ የባሰ ነበሩ። እርጥብ ፎቶ ሁለት ቀን ካደረ ሻጋታ ይጀምረዋል። ተጣብቆ ከደረቀም ሲላቀቅ ምስሉ ከወረቀቱ ላይ ይላጣል። ያማከርነው ባለሙያ አሁኑኑ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት አለን፤ በረዶ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ባለበት ይቆያል። እንደተባልነው አደረግን። ዛሬ አልበሞቹ በላስቲክ ተጠቅልለው በአባሎቻችን ቤት ተበታትነው ይገኛሉ፣ ከበርበሬውና ከሥጋው ጎን። ለፋሲካ ዶሮ ማስገቢያ ቦታ አጥተው እንኳ "ይቆይ፣ ችግር የለም" ያሉን አሉ። እግዜር ይስጥልን። ግን እስከ መቼ? የአንድ ቤት ፍሪዘር አንድ ሌሊት ቢቆም የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ሄደ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ የተረባረባችሁት መረባረብ ያኮራል። ከፋሲካ ወዲህ ግን መዋጮው ቀጥ ብሏል። ሁላችሁም ላይ ያለውን ጫና እናውቃለን። አገር ቤት ያለው ዘመድ ይደውላል፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እድር አለ፣ የቤት ኪራዩ ጨምሯል። ደጋግሞ መጠየቅ ለእኛም ቀላል አይደለም። እጃችን ላይ ያለው የሰው አደራ ባይሆን ኖሮ ዝም ባልን ነበር።

አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ፤ ብዙ ሰው ስለተምታታበት ነው። ይህ ጃንሆይ በስደት ለኖሩበት ለባዙ ቤት፣ ለፌርፊልድ ሃውስ፣ የሚደረግ መዋጮ አይደለም። ፌርፊልድ የራሱ አስተዳዳሪዎች አሉት። የእኛ ሥራ ሌላ ነው፦ በባዝና በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞችና መንደሮች ያለፈውን ልጅነት ከሰው አፍ መቅዳትና ፎቶውን መሰብሰብ።

የጀመርነው ግን በፌርፊልድ ምክንያት መሆኑን አንክድም። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1936 ባዝ ሲገቡ የመጡት ለፍል ውሃው ነበር። አዲስ አበባ ፍል ውሃ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከከተማው መሀል ከምድር የሚፈልቀው ውሃ 46 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሮማውያን መታጠቢያ የሠሩበት ውሃ ነው። በዚያው ዓመት ጃንሆይ በኬልስተን መንገድ ያለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ኖሩበት። በግቢው ጸሎት ቤት ነበራቸው። የሕይወት ታሪካቸውንም የጻፉት እዚያው ነው። ልዕልት ፀሐይ ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የልጅ ልጆቻቸው ሞልቨርን ከተማ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያ በ1958 ጃንሆይ ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡ፤ ለአረጋውያን መጦሪያ ይሁን ብለው።

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ የጨመርነው የጎረቤት ልጆችን ትዝታ ነው። በ1938 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና አልፏል። ቅርጫት ብስኩትና ቴፕ ይዘን ቤታቸው ሄድን። ጥቁር ካባ የለበሱ አጭር ሰው በእግራቸው ሲያልፉ ከአጥር ጀርባ ተደብቀው ያዩ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ያሏቸውን የሚያስታውሱ አሮጊትና ሽማግሌ አገኘን። ሲጀምሩ ስለ ጃንሆይ ነው፣ ከዚያ ግን የራሳቸው ልጅነት ይመጣል። ሚያዝያ 1942 የጀርመን አውሮፕላኖች ባዝን ሲደበድቡ ደረጃ ሥር ተጨናንቀው ያደሩትን ያወራሉ፤ በዚያ ድብደባ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል። አባቶቻቸው በስቶተርት ኤንድ ፒት የክሬን ፋብሪካ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ያወራሉ፤ ፋብሪካው በ1989 ተዘግቷል። ከረሜላ በኩፖን የሚሸጥበት ዘመን በ1953 ሲያበቃ ሱቅ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ሲተርኩ ዓይናቸው ያበራል። እነዚህ ሰዎች በራቸውን ከፍተው ሻይ አፍልተው ያወሩን ለማያውቁት ሕዝብ ነው። ከቀረጽናቸው ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ቀረጻቸው ያለው እኛ ጋ ብቻ ነው።

የራሳችንም ልጆች አሉ። በደርግ ዘመን ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው በሶመርሴት ገጠር፣ በብሪስቶል፣ በዌልስ የማዕድን መንደሮች ያደጉ፤ አሁን እነሱም ልጆች ያሳደጉ። የአንዷ እህታችን ቀረጻ ሁሌ ይታወሰናል። የስምንት ዓመት ልጅ ሆና በሜንዲፕ ኮረብታዎች ሥር ያለ መንደር ገባች። ወተት በየጠዋቱ በጠርሙስ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፣ ክዳኑ ብርማ ወረቀት ነው። ትንንሽ ሰማያዊ ወፎች ክዳኑን በስተው ከላይ ያለውን ክሬም ይጠጡታል። እናቷ ሁዳዴ ሲገባ ወተቱን አቁሙልን ማለት ፈለጉ፣ እንግሊዝኛው አልመጣላቸውም። ስለዚህ በየቀኑ ጠርሙሱን ወስደው የጎረቤታቸው ደጃፍ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። ጎረቤቲቱ ግራ ገባቸው። በሦስተኛው ቀን በወተት የተሠራ የሩዝ ገንፎ ይዘው መጡ! እናት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ለልጅ ሰጡ። እነዚያ ሁለት ሴቶች እስከ ዕለተ ሞት ጓደኛሞች ነበሩ። ጎረቤቲቱ ሲሞቱ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በቀብሩ ላይ ቆሙ። ሁለቱ በአጥር ላይ ሲያወሩ የተነሱት ፎቶ አለ። እሱም ፍሪዘር ውስጥ ነው።

ሌላው ልጅ እንደ ፈረንጆቹ በኅዳር 5 የርችት ምሽት እንግሊዛውያኑ ልጆች ከጨርቅ ሰው ሠርተው በጋሪ እየጎተቱ ሳንቲም ሲለምኑ አይቶ "ሆያ ሆዬ እዚህም አለ?" ብሎ አባቱን ጠየቀ። አባቱ አለ አሉት። ልጁ በማግስቱ የሆያ ሆዬን ዜማ ለክፍሉ አስተማረ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ቀረጻው ላይ ሲዘፍነው ይሰማል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። "ያለፈው ብር የት ገባ?" የሚል ጥያቄ በየቡናው ላይ እንደሚነሳ ሰምተናል። መጠየቅ መብታችሁ ነው። መቅረጫ ማሽኑ፣ ስካነሩ፣ ሁለቱ የብረት ቁምሳጥኖችና የባቡር ትኬቱ፣ ሁሉም ደረሰኝ አላቸው። ኮሚቴው አንድ ፔኒ አበል ወስዶ አያውቅም። ለእንግዶች የቀረበው ቡናና ዳቦ ከመዋጮው አልወጣም፤ እናቶች ከየቤታቸው ያመጡት ነው። ከቁምሳጥኖቹ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ ደግሞ ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል። "ለምን ውድ ቁምሳጥን ገዛችሁ" ላላችሁን መልሱ ይኸው ነው። ሦስተኛ ቢኖረን ኖሮ ይህን ጥሪ የምንጽፈው ለጥገና ብቻ ነበር።

የሊድስ ጉዞንም ያነሳችሁ አላችሁ። ልዑል ዓለማየሁ ሕይወቱ ያለፈው ሊድስ ውስጥ ሄዲንግሊ ነው፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 14 ቀን 1879፣ በ18 ዓመቱ። ከመቅደላ በ1868 ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞተዋል፣ እናቱ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ባሻ ፈለቀ ይባል ከነበረው ካፒቴን ስፒዲ ጋር ዋይት ደሴት ላይ ፍሬሽወተር በምትባል መንደር ኖረ። ከዚያ በቼልተንሃም፣ በራግቢና በሳንድኸርስት ተማረ። ዛሬም አፅሙ በዊንድሰር ነው ያለው። ልጅነቱን በእንግሊዝ ከተሞች ካሳለፉ ኢትዮጵያውያን ሁሉ በጣም የሚታወቀው እሱ ነው፤ ሞግዚት እንጂ እናት አልነበረውም። እሱን ትተን የልጅነት ትዝታ ሰብስበናል ብንል ማን ያምነናል? የትኬቱ ወጪ ትንሽ ነበር። በዚያው ገንዘብ ለንደን ውድፎርድ ግሪን ደርሰን የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ያቆሙትን የድንጋይ ቦምብ ሐውልት ፎቶ አንስተናል። እሳቸው ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣቸውን ከ1936 ጀምረው ያሳትሙ የነበረው ከዚያው ሰፈር ሆነው ነው።

የሚያስፈልገን ጠቅላላ 11,500 ፓውንድ ነው። 6,000ው ፎቶውን ለሚያላቅቀውና ካሴቱን ለሚያጸዳው ባለሙያ ነው። 2,500ው ሁሉንም ወደ ዲጂታል ለመቀየርና ቅጂውን በሁለት የተለያየ ቦታ ለማስቀመጥ። 3,000ው ለክፍሉ ኮርኒስ፣ ለመደርደሪያና ለሦስተኛው ቁምሳጥን። የውጭውን ጣሪያ የሚጠግነው የአዳራሹ ባለቤት ነው፤ ኢንሹራንሱ ግን ሕንፃውን እንጂ በውስጡ ያለውን የእኛን ንብረት አይሸፍንም። እስካሁን የገባው 4,200 ፓውንድ ነው። የቀረን 7,300 ነው። ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው ግማሹ ሲከፈል ነው፣ ቀን ይዞልናል፣ ከመስከረም በኋላ ግን ሌላ ሥራ አለበት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የምንለው ለዚህ ጊዜ ነው። ክርስቲያኑ አስራቱን፣ ሙስሊሙ ሰደቃውን የሚያወጣው ዕቃ ለመግዛት ብቻ አይደለም፣ የሽማግሌን ቃል ለማቆየትም ነው። ጃንሆይ በስደት ተቀብሎ ያኖራቸውን ከተማ አረጋውያን አስበው ቤት ሰጥተዋል። እኛ የእነዚያን አረጋውያን ድምፅ ነው የምናድነው። ለእንቁጣጣሽ ለልጆቻችሁ የምታወጡት ብር ካለ፣ ከእሱ ጥቂቷን ለዚህ አድርጉልን። አምስት ፓውንድም ትልቅ ነው። ቃል ገብታችሁ ያላስገባችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስማችሁን አንጠራም፣ ግን እየጠበቅናችሁ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ ከዚህ ጥሪ ጋር በተላከላችሁ ቅጽ ላይ አለ። ስትልኩ ሪፈረንስ በሚለው ቦታ "ትዝታ" ብላችሁ ከጎኑ ስማችሁን ጻፉ። "ትዝታ" ካላላችሁ ገንዘቡ ከአዳራሽ ኪራዩ ጋር ይቀላቀልብናል። እንግሊዝ አገር ግብር የምትከፍሉ የጊፍት ኤይድ ቅጹን ፈርሙ፤ ለእያንዳንዱ ፓውንድ መንግሥት 25 ፔንስ ይጨምርበታል፣ ከእናንተ ተጨማሪ አይወጣም። ውጭ አገር ያላችሁ፣ ጀርመንም ሆነ አሜሪካ፣ በዚያው ቁጥር ላኩ፣ "ትዝታ" ማለቱን አትርሱ። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለገንዘብ ያዣችን በእጃቸው ስጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። በስልክ ደውሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ከእኛ የተላከ አይደለም፣ አትላኩ።

ሒሳቡን በየወሩ አዳራሹ በር ላይ እንለጥፋለን። ፍሪዘሩ ውስጥ ቦታ ያለው ሰውም ይንገረን፤ ሁለት ቤተሰቦች ቤት ሊቀይሩ ስለሆነ አልበሞቹን በዚህ ወር ውስጥ ማዛወር አለብን። የመጨረሻው ቀን እስከ መስከረም መጨረሻ ነው። ሪፈረንሱ "ትዝታ" ነው።

ኮሚቴው