ከፍሪጁ ጀርባ የተለጠፈው ምልክት በአማርኛ ይነገረን

ክቡር አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ከተማ የቤት ማቀዝቀዣዎችን በመጠገን 27 ዓመት ሠርቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም፤ አሁን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው የበዓል ዋዜማ በአንዲት ደንበኛዬ ቤት ያየሁት ነው። እመቤቲቱ ለዶሮውና ለሥጋው ቦታ ለማስለቀቅ ስትል በፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ የተጋገረውን በረዶ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ስትፈነቅል፣ ጎማ እንደተበሳ ዓይነት የፉጨት ድምፅ ሰምታ ደወለችልኝ። ስደርስ ፍሪጁ፣ በብዙዎቻችን ቤት እንደሚታየው፣ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶና ማይክሮዌቭ ተሸክሞ ቆሟል፤ ከእርሱ ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ጀበና የተጣደበት ከሰል ፍም ሆኖ ይነድዳል። «ጋሼ፣ ሁልጊዜም በቢላዋ ነው የማነሣው፤ አንድ ቀን እንኳ ምንም ሆኖ አያውቅም» አለችኝ።

የተናገረችው እውነት ነበር፤ እውነቱ ግን የአሮጌው ፍሪጇ እንጂ የአዲሱ አልነበረም። በሥራዬ መጀመሪያ አካባቢ የምንጠግናቸው አሮጌ ፍሪጆች የሚሠሩት አር 12 በሚባል ጋዝ ሲሆን፣ ይህ ጋዝ እሳት አይቀበልም፤ ጥፋቱ ሌላ ነበር። የምድርን የኦዞን ሽፋን የሚያሳሳ በመሆኑ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። በቦታው የመጣው አር 134ኤም አይቀጣጠልም፤ ሆኖም ወደ አየር ሲለቀቅ ሙቀትን አፍኖ በመያዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ የበረታ ስለሆነ እርሱም ተተኪ ተፈለገለት። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛቸው በርካታ ፍሪጆች የሚሠሩት አር 600ኤ ተብሎ በሚጠራው አይሶቡቴን ነው። አይሶቡቴን በሲሊንደር ገዝተን ወጥ ከምንሠራበት ጋዝ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንደ እርሱም ይቀጣጠላል፤ ከፍሪጁ ጀርባ የተለጠፈው ምልክትም የሚያስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። ልዩነታቸው የማብሰያው ጋዝ ሲያፈስ እንድናውቀው ሆን ተብሎ መጥፎ ሽታ ሲጨመርበት፣ የፍሪጁ ግን ሽታ የማይጨመርበት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ቢያፈስም አፍንጫችን አይነግረንም።

ይህን ስጽፍ አንባቢን አስፈራርቼ ፍሪጁን ከቤት ለማስወጣት አይደለም። በአንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጋዝ ብዙውን ጊዜ ከ100 ግራም ያነሰ ነው፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እስከዞረ ድረስም ለዘመናት ማንንም ሳይጎዳ ያገለግላል። አደጋው የሚመጣው፣ በደንበኛዬ ቢላዋ እንደሆነው፣ ቱቦው ሲበሳ ነው። አይሶቡቴን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ወርዶ ይተኛል፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ሲደርስ ፍም ወይም የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ሊያቀጣጥለው ይችላል። የእኛ የቡና ከሰል የሚቀመጠው ደግሞ ወለል ላይ ነው። የደንበኛዬ ቤት የዳነው ሽንኩርቱ እያስለቀሰ ስላስቸገረ በሩም መስኮቱም ወለል ብለው ተከፍተው ስለነበር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ የፉጨት ድምፅ የሰማ ሰው ክብሪት ከመጫር፣ መብራት ከማብራትም ሆነ ከማጥፋት፣ ሶኬቱንም ከመንቀል ተቆጥቦ፣ በርና መስኮት ከፍቶ ቤተሰቡን ይዞ መውጣት አለበት። ቆጣሪው ከቤት ውጭ ከሆነ መብራቱን ከዚያ ማጥፋት ይቻላል። ፍሪጁ ሳሎን ውስጥ ከሆነ ቀድሞውኑ ቡናው ሌላ ማዕዘን ቢፈለግለት መልካም ነው።

በረዶውን ማንሣት እንኳ ማንኛውም ሰው ያለ ባለሙያ የሚሠራው ነው። የበረዶው ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ እንዳይደርስ እንደ ብርድ ልብስ ይጋርደዋል፤ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ፍሪጁን ከሶኬት ነቅሎ፣ ምግቡን በጋዜጣና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ (ጋዜጣችሁ ለዚህም ይጠቅማል)፣ በፍሪዘሩ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ የያዘ ድስት በጨርቅ ላይ አስቀምጦ፣ በሩን ከፍቶ መጠበቅ ብቻ ይበቃል። በአንድ ሰዓት ተኩል ወይም በሁለት ሰዓት በረዶው ራሱ ይለቃል። ቢላዋ፣ ሹካና ጠመንጃ መፍቻ ፈጽሞ አይነኩትም፤ የፀጉር ማድረቂያም ውኃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ስለማይሄዱ አይመከርም። መብራት እንደሚጠፋ አስቀድሞ የተነገረበት ቀን ካለ፣ እኔ በቤቴ የማደርገው ያን ቀን መጠቀም ነው፤ ቢያንስ ለአንድ ነገር ይጥቀመን።

መብራት ካነሣሁ አይቀር፣ ፍሪጆቻችንን የሚገድለው መጥፋቱ ሳይሆን አመጣጡ መሆኑን መናገር ይገባኛል። ሞተሩ በድንገት ሲቆም በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ግፊት ወዲያው አይመጣጠንም፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል። መብራቱ በሰከንዶች ውስጥ ሄዶ ሲመለስ ሞተሩ ያን ሁሉ ግፊት ተሸክሞ ለመነሣት ይታገላል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይህ ትግል ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰ በኋላም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ያስፈልጋል። ስታቢላይዘር (የቮልቴጅ ማመጣጠኛ) የሚገዛ ሰውም ኃይል ከተመለሰ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ መሆኑን ሻጩን ይጠይቅ። የምጣድ ቀን ደግሞ ሌላ ፈተና ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ በአንድ ግቢ ሁለት ሦስት ቤት እንጀራ ሲጋገር ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ፍሪጁም በአነሰ ኃይል ለመሥራት ሲታገል ሞተሩ ይግላል። ፍሪጅና ምጣድ በአንድ ኤክስቴንሽን የተሰኩበትን ቤት ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ፍሪጁ ሲነኩት የሚነዝር ከሆነም ነጠላ ጫማ አድርጎ መክፈት መፍትሔ አይደለም፤ ነቅሎ የአርዝ መስመሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስፈተሽ ነው።

መብራት በጠፋባቸው ሰዓታት ደግሞ የፍሪጁን በር የከፈተ ሰው ያለውን ቅዝቃዜ ያባክናል። ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ምግብን ለ4 ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ ሞልቶ የተዘጋ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ድረስ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል። ከፍሪዘሩ ውስጥ ባዶ የሆነውን ቦታ አፋቸው ድረስ ባልሞሉ የሃይላንድ የውኃ ጠርሙሶች መሙላት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ለቀናት ከቤት ርቀው ለሚቆዩ ሰዎች አንዲት ቀላል ዘዴ አለች። በብርጭቆ ውኃ አርግቶ ከበረዶው ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ ነው፤ ሲመለሱ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ ፍሪዘሩ በመካከል ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ስለሆነ፣ በውስጡ ያለው ሥጋ አይበላም።

ስለ ምግቡ ባለሙያ ነኝ አልልም፤ ነገር ግን ትክክለኛው ቅዝቃዜ በፍሪጁ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልበለጠ፣ በፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆኑን ማወቅ የሥራዬ ክፍል ነው። የመቆጣጠሪያው ቁልፍ ላይ የተጻፉት ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች ዲግሪ አይደሉም፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅዝቃዜው ይጨምራል እንጂ ሙቀቱ አይደለም። ይህን ገልብጠው የተረዱ ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል። በፋሲካ ማግስት የዶሮ ወጡን ድስት ከነትኩሳቱ ማስገባት እንፋሎቱ በረዶ እንዲሆንና በአጠገቡ ያለው ሁሉ እንዲሞቅ ያደርጋል፤ በሌላ በኩል እስኪበርድ ተብሎ ሌሊቱን ወለል ላይ ማሳደርም ጀርሞች እንዲራቡ መጋበዝ ነው። ወጡን በትናንሽና ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሎ፣ እንፋሎቱ ሲበርድለት፣ ከምድጃ ከወረደ 2 ሰዓት ሳይሞላው ማስገባት ይሻላል። ጥሬ ሥጋ ደሙ ሌላ ምግብ ላይ እንዳይንጠባጠብ ተከድኖ ከታችኛው መደርደሪያ ይቀመጣል። ፍሪዘር ባክቴሪያን የሚያስተኛ እንጂ የሚገድል አለመሆኑን ቁርጥ የምንወድ ሰዎች ብንገነዘበው መልካም ነው። በቤታቸው ኢንሱሊን የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች ደግሞ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቦታ፣ ማለትም መካከለኛው መደርደሪያ ላይ፣ የኋላውን ግድግዳ ሳይነካ መቀመጡን ይመልከቱ፤ አንድ ጊዜ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወሰድም።

ጽዳቱ ረጅም ነገር የለውም። ፍሪጁን ነቅሎ፣ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ የቅቤውንም የነጭ ሽንኩርቱንም ሽታ ያቀልላል። ቀዝቃዛ የመስታወት መደርደሪያ ላይ የፈላ ውኃ አይፈስስም፤ ይሰነጠቃል። ከአትክልት መሳቢያው ሥር ውኃ ከተጠራቀመ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል፤ ከኋላ ያለችው ትንሽ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በፍርፋሪ ስትደፈን የሚመጣ ነውና በስትሮ ይከፈታል። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ ወረቀት አስገብቶ መዝጋትና መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ ጎማው አይዘጋም። ከጀርባው ያለውን አቧራ በስድስት ወር አንድ ጊዜ በብሩሽ ማንሣት፣ ከግድግዳውም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ ያስፈልጋል። ጀርባውን የሚሸፍን የፍሪጅ ልብስ ቢቀር ደስ ይለኛል፤ አዲስነቱ እንዳይጠፋ ተብሎ ለዓመታት የማይነሣው የፋብሪካ ፕላስቲክም ሥሩ እርጥበት እየያዘ ቆርቆሮውን ያዝገዋል።

የራሴን ሙያ ባልደረቦች ሳላነሣ ባልፍ ግን አድልዎ ይሆናል። ቱቦውን በእሳት ማቅለጥ የለመደ እጅ አር 600ኤ ያለበትንም ፍሪጅ በሰው ሳሎን ውስጥ በእሳት መበየጃ ሲከፍት አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ፍሪጅ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ጋዙ በነፋሻማ ቦታ ተለቅቆ፣ ቱቦው በመቁረጫ መከፈት አለበት። ያለቀውን አር 600ኤ በሌላ ጋዝ ተክቶ «ተሞልቷል» ማለትም ደንበኛን ማታለል ነው፤ ሞተሩ የተሠራው ለአንዱ ጋዝ ብቻ ነውና። የጋዙ ስምና መጠኑ በግራም ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው መግለጫ ስለሚጻፍ፣ ማንኛውም ደንበኛ ጥገናው ሳይጀመር «የየትኛው ጋዝ ነው? አሳየኝ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው የሚያስቆጣው ባለሙያ ካለ ሌላ መፈለግ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ በጋዜጣችሁ በኩል ለአስመጪዎች፣ ለሻጮችና ለሚቆጣጠሯቸው አካላት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ከፍሪጆቹ ጀርባ ነበልባል የተሳለበት ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ በደንበኛዬም ፍሪጅ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ከምልክቱ ጋር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ የሚለጠፈውም ግድግዳ በሚዞርበት በኩል ነው። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው መምሪያ በብዙ ቋንቋዎች ሲታተም፣ አማርኛ የታተመበት እስከ ዛሬ በእጄ አልገባም። አንድ ፍሪጅ ለመግዛት ቤተሰብ ስንት ወር እንደሚቆጥብ ለሚያውቅ ነጋዴ፣ መዳፍ የምታህል ወረቀት በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች አሳትሞ በፍሪዘሩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ መለጠፍ ከባድ ወጪ አይሆንበትም። ጽሑፉን ማዘጋጀት ቢያስቸግር እኔ ያለ ክፍያ አዘጋጃለሁ፤ እንዲያውም ይኸው፦ «በውስጡ የሚቀጣጠል ጋዝ አለ። በረዶውን በቢላዋ አትንኩ። የፉጨት ድምፅ ከሰማችሁ እሳት አታቅርቡ፣ ማብሪያና ማጥፊያ አትንኩ፣ በርና መስኮት ከፍታችሁ ውጡ።»

ከአክብሮት ጋር
የማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ