«ሊቲየም» ብሎ መተው አይበቃም፣ የትኛው ሊቲየም?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ጋዜጣችሁን ልጅ ሆኜ አባቴ እጅ ላይ እያየሁት ነው ያደኩት፣ አሁንም ሳላነበው አላድርም፣ ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ለመውቀስ ሳይሆን ነገሩ በጣም ስላሳሰበኝ ነው። ባለፈው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ባወጣችሁት ጽሁፍ ላይ «የሊቲየም ባትሪ ከ80 ፐርሰንት በላይ ቻርጅ ማድረግ አይገባም» የሚል ምክር አለ። ለአንዱ ባትሪ ልክ ነው፣ ለሌላው ግን አይደለም፣ ጣጣው ያለው «ሊቲየም» የምትለው ቃል ላይ ነው።

እኔ ሶላርና ኢንቨርተር እየገጠምኩ ባትሪ እየጠገንኩ የምኖር ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ያበጠ ባትሪ በፌስታል ይዘው መጡ። መብራት ሲጠፋ ሱቁ እንዳይጨልም ብለው ከዕቁብ ባወጡት ብር ነው የገዙት፣ ሁለት ወር እንኳን አልሞላውም፣ ጎኑ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ተነፍቷል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው «ሊቲየም 12 ቮልት» ብቻ ነው። ቻርጀሩን ለብቻው ከሌላ ቦታ ነው የገዙት፣ እሱም ላይ «ለሊቲየም 12 ቮልት» ይላል። ሁለቱም ሊቲየም፣ ሁለቱም 12፣ እሳቸው ምን ያጠፉት ነገር አለ?

ስከፍተው ነገሩ ገባኝ። ውስጡ ሶስት ሴል፣ ማለትም ባትሪው የሚሰራባቸው ትንንሽ ክፍሎች ነው ያለው፣ ኤንኤምሲ የሚባለው ማለትም ኒኬል ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ዓይነት። ያ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ሶስቱ ሲደመሩ 12.6። ቻርጀሩ ደሞ የተሰራው ለሌላኛው ዓይነት ነው፣ ኤልኤፍፒ ለሚባለው፣ የብረት ፎስፌት ማለት ነው። የሱ ሴል ሲሞላ 3.65 ቮልት ሆኖ አራቱ ተደርድረው 14.6 ይሆናሉ። እንግዲህ 14.6ን ለሶስት አካፍሉት፣ ለአንዱ ሴል ወደ 4.87 ይደርሰዋል፣ ከሚችለው በላይ እያጎረሱት ነበር ማለት ነው። ይሄን ቆርጦ ማቆም የነበረበት ቢኤምኤስ የሚባለው መቆጣጠሪያ ቦርድ ደሞ አይሰራም ነበር። ሱቁ ውስጥ ልጆች ይተኛሉ። እሳት አለመነሳቱ የእግዜር ስራ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

ሻጩ ጋ ደውዬ ስጠይቅ «ሊቲየም ሊቲየም ነው» አለኝ። አይደለም! ይሄን ነው ማስረዳት የፈለኩት።

በሁለቱም ውስጥ ሊቲየም ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ነው ኤሌክትሪክ የሚሰጠን፣ ልዩነቱ ሊቲየሙ የሚያርፍበት ቤት ነው። ከቀደሙት ቤቶች አንዱ ኮባልት ኦክሳይድ ነበር፣ ጆን ጉድኢናፍ የሚባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1980 ኦክስፎርድ እያለ ያገኘው፣ በ1991 ሶኒ ለገበያ ያወጣው ባትሪ በሱ ላይ ነው የተሰራው፣ ኤንኤምሲም የዚያ ዘር ነው። ጉድኢናፍ ግን በዚህ አላቆመም፣ በሰባዎቹ አጋማሽ ዕድሜው ላይ ሆኖ በ1997 ቴክሳስ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር የብረት ፎስፌቱን አስተዋወቀ። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ2019 ነው፣ 97 ዓመቱ ነበር። እኔ ይሄን ሰውዬ ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል፣ ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ በሚያርፍበት ዕድሜ እሱ ዛሬ እኛ ሰፈር ሱቅ የሚያበራውን ነገር ይፈልግ ነበር።

ፎስፌቱ መጀመሪያ ላይ ብዙም ተስፋ አልተጣለበትም፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ እንደልብ አያሳልፍም። መፍትሄው በጣም ማድቀቅና እያንዳንዱን ቅንጣት እንደ ጥላሸት ባለ ስስ ካርቦን መሸፈን ሆነ፣ በቃ እሱ ነው መንገዱን የከፈተለት። ከዛ በኋላ ጥቅሙ ታየ። ኮባልት የለበትም ኒኬልም የለበትም፣ ብረትና ፎስፌት ናቸው። ኦክስጅኑ ደሞ ከፎስፈረሱ ጋር ጥብቅ ብሎ ስለተያያዘ ሲሞቅ ቶሎ አይለቅም። ኤንኤምሲ ከመጠን በላይ ሲግል ኦክስጅን ከራሱ ውስጥ ይለቃል፣ ከሰል ለኩሳችሁ ማራገቢያውንም እዛው ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው፣ ለዚህ ነው እሳቱ አፈር ቢደፉበትም አልጠፋ የሚለው። ኤልኤፍፒም ፈጽሞ አይቃጠልም ማለቴ አይደለም፣ ከተበላሸ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ ግን ብዙ ይታገሳል። ጉዳቱ በኪሎ ሲመዘን የሚይዘው ኃይል ያንሳል፣ ስለዚህ ይከብዳል። ለሱቅና ለቤት ክብደቱ ምን ችግር አለው? መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።

ወደ 80 ፐርሰንቷ ልመለስ። ለኤንኤምሲ ልክ ናችሁ፣ ሁሌ ጢም አድርጎ መሙላት ያስረጀዋል። ኤልኤፍፒ ግን ሌላ ጠባይ አለው፣ ቮልቴጁ ከሞላ ጎደል እስከመጨረሻው አንድ ዓይነት ነው። የቡታ ጋዝ ሲሊንደር አስቡት፣ እሳቱን አይታችሁ ስንት እንደቀረ አታውቁም፣ ሊያልቅ ሲል ነው የሚደክመው፣ ይሄም እንደዛ ነው። የመኪናው ኮምፒውተር የገባና የወጣውን እየቆጠረ ይገምታል፣ ቆጠራው ቀስ በቀስ ይሳሳታል፣ እስከ 100 ሲሞላ ነው የሚታረመው። ለዚህ ነው ቴስላ ኤልኤፍፒ ለገጠመባቸው መኪኖቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ እስከ 100 ሙሉት የሚለው። የቻይናው ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ብሌድ የሚባለው የመኪና ባትሪም ኤልኤፍፒ ነው፣ የቢዋይዲ መኪና ደሞ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ አለ። የናንተን ምክር ሰምቶ ሁሌ 80 ላይ የሚያቆም ሰው ስክሪኑ 20 እያለው መንገድ ላይ ሊቆምበት ይችላል።

ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚህ ይሄ ነገር የጥቂት ሰዎች ጉዳይ አይደለም፣ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሁሉ የሚገጥመው ነው። ሰው ግን ስለ ሊቲየም ሲያወራ የምሰማው ጉጂ ዞን ቀንጢቻ ላይ ሊቲየም አለን፣ ሀብታም ልንሆን ነው የሚለውን ነው። አለ፣ እውነት ነው፣ ግን እዛ ያለው ድንጋይ ነው፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ተቆልቶ በአሲድ ታክሞ ነው ለባትሪ የሚሆን ሊቲየም የሚወጣው፣ ዋጋው ያለው እዛ ስራ ላይ ነው። አሁን ደሞ ጨው ውስጥ ካለው ሶዲየም የሚሰራ ባትሪ መጣ ሲባል የአፋር ጨው አለን የሚሉ አሉ። ጨውማ በየአገሩ አለ። ሶዲየም ባትሪ የሚረክሰው ሊቲየም ስለማይፈልግና ሊቲየም ባትሪ በአንዱ ጫፍ በሚጠቀመው መዳብ ፈንታም አልሙኒየም ስለሚጠቀም ነው፣ ከባዱ ሙያ የባትሪውን አንድ ጫፍ የሚሆነውን ካርቦንና ሌላኛውን ጫፍ መስራቱ ላይ ነው። ያም ሆኖ እኔ በሶዲየም በጣም ተስፋ አለኝ፣ የቻይናው ባትሪ ሰሪ ካትል እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያውን ሲያስተዋውቅ በኪሎ 160 ዋት አወር ይይዛል ብሎ ነበር፣ ከኤልኤፍፒ ብዙም አይርቅም። ግን የሱም ቮልቴጅ ሌላ ነው! እሱም መርካቶ ገብቶ «12 ቮልት» ብቻ ተጽፎበት ከተሸጠ የኛ እናት ሱቅ ላይ የደረሰው ነገር በሶስተኛ ዓይነት ይደገማል።

እኔ የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ያቺን የ80 ፐርሰንት ምክር አስተካክላችሁ አውጡልን፣ ባለ መኪናው መጀመሪያ ማኑዋሉ ላይ የባትሪውን ዓይነት ይይ። ሁለተኛ፣ እናንተ ድምጻችሁ ይሰማል፣ አስመጪም ሆነ ሻጭ የባትሪውን ዓይነት፣ የሴሉን ብዛትና ሲሞላ ስንት ቮልት እንደሚሆን ሳጥኑ ላይ በአማርኛም እንዲጽፍ የሚመለከተውን አካል ጠይቁልን። ሶስት መስመር ናት።

ያበጠውን ባትሪና ቻርጀሩን አልጣልኳቸውም፣ ባትሪው ውስጥ የቀረውን ኃይል አውጥቼ ከቤት ውጪ አሸዋ ባልዲ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ፎቶግራፈር ብትልኩ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ አሳያለሁ።

የሶላርና ባትሪ ቴክኒሽያን
ከአዲስ አበባ