ስለ ያጎዳ ለጠየቁኝ

ውድ አባባ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ናፍቀውዎታል።

ባለፈው በስልክ «ያ የስታሊን የደህንነት ሹም፣ ያጎዳ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?» ብለውኝ ነበር። ተረሸነ። እኔን ያስገረመኝ ግን የእሱ ሳይሆን የአባቱ ነገር ነው።

ጌንሪኽ ያጎዳ በፈረንጆቹ 1891 ሩሲያ ውስጥ ሪቢንስክ በምትባል ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ወላጆቹ የአብዮተኞችን ድብቅ ማተሚያ በቤታቸው አስቀምጠዋል። ወንድሙ በ1905ቱ አመፅ ተገድሏል። እሱም ገና በጉርምስናው ትግሉን ተቀላቀለ፣ ከአብዮቱ በኋላ ቼካ የሚባለው የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ ውስጥ ገባ፣ በ1934 ያንን ሥራ የወረሰው የኤንኬቪዲ አለቃ ሆነ።

አይሁድነቱን እየመዘዙ የሚያወሩ አሉ፤ እኔ አይዋጥልኝም። የቼካ መሥራች ጀርዢንስኪ ፖላንዳዊ ነበር፣ ስታሊን ጆርጂያዊ። ያጎዳ ለፍርድ ያቀረበው ዚኖቪየቭ፣ የስታሊን ተቀናቃኝ የነበረው የፓርቲ መሪ፣ ራሱ አይሁዳዊ ነው።

ከሥራዎቹ ዋናው የነጭ ባሕርና የባልቲክ ቦይ ነው። 227 ኪሎ ሜትር ነው። ከ100,000 በላይ እስረኛ በአካፋና በዶማ ቆፈረው፤ ብዙ ሺህ ሰው እዚያው ቀረ። ያጎዳ ግን የሌኒን ኒሻን ተሸለመበት!

በ1936 ነሐሴ ላይ ዚኖቪየቭንና የትግል ጓዱን ካሜኔቭን አስፈረደባቸው። ወር ብዙም ሳይዘልቅ ስታሊን ከሶቺ ቴሌግራም ላከ፤ መሥሪያ ቤቱ ጠላት በማጋለጥ አራት ዓመት ዘግይቷል አለ። ያጎዳ ከሥልጣን ተነሳ፣ ዬዦቭ የሚባል ሹም ተተካ። በ1937 ታሰረ፣ በ1938 መጋቢት ላይ ከሌላው የፓርቲ መሪ ከቡኻሪን ጋር ተፈርዶበት ተገደለ። አብረውት ከተከሰሱት አብዛኞቹ በ1988 ስማቸው ታድሷል። የእሱ አልታደሰም። ቢቀርበትም አላዝንለትም።

ልጁ ሲታሰር ሽማግሌው አባቱ ለስታሊን ደብዳቤ ጻፉ። ልጃቸውን ካዱት። የማተሚያውንም፣ የሞቱትን ልጆቻቸውንም አነሱ፤ እኛ የአብዮቱ ሰዎች ነን ለማለት። አልጠቀማቸውም። ባልና ሚስት ወደ ግዞት ተላኩ፣ ከዚያም ታስረው በእስር ላይ ሞቱ።

በእርሳቸው መፍረድ ከበደኝ። ማን ያውቃል፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ለማትረፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድምዎ ሲታሰሩ፣ አያቴን ቀበሌ ጠርተው «ልጄ አይደለም ብለህ ፈርም» ብለዋቸዋል ይባላል። እርስዎ ነገሩ ሲነሳ ዝም ይላሉ። ፈረሙ እንዴ? ፈርመውም ቢሆን ይንገሩኝ፤ ለአያቴ ያለኝ ክብር አይቀንስም። እሁድ እደውላለሁ።

የደም ግፊት መድኃኒትዎን እንዳይረሱ።

ልጅዎ